በአያቷ ስም የተያዘ ተራ

መረቡ እንደገና ባዶውን ሲወጣ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ መናገርም አያስፈልግም ነበር። በዚያ መንደር ያደገች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ደረታቸው ድረስ ባሕር ውስጥ ቆመው መረብ ከሚይዙት መካከል አንዷ ፅንሷን ደብቃ ከሆነ ዓሣው ይሸሻል። እሷ ራሷ "አርግዣለሁ" ብላ እስክትናገር ወይም ሌላ ሰው አፍ አውጥቶ እስኪናገርላት ድረስ መረቡ ውሃ ብቻ ነው የሚያፍሰው።

ቶሪካ አንገቷን ደፋች። የደበቀችው ማን እንደሆነች ታውቃለች። ከጎኗ ቆማ የመረቡን ጫፍ የያዘችው የልጅ ልጇ ኬሌራ ናት።

ኬሌራ አልነገረቻትም። ቶሪካ ግን ልጇን በወሊድ ካጣች ወዲህ ይህችን ልጅ በእጇ ያሳደገች ሴት ናት፤ ሊነገራት አያሻም። ሱሉ የሚሉትን ሽርጧን አላልታ ስታስር፣ የዓሣ ሾርባ ሲፈላ ከማድቤቱ ወጥታ ስትቆም አይታለች። አይታም ዝም ብላለች። ዝም ማለት ደግሞ ለቶሪካ ከሥራ ሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ሲፈጥራት ስጉ ናት። ትንሽ ካፊያ ጎርፍ፣ ትንሽ ንፋስ ማዕበል ሆኖ ይታያታል። ፅንስ መደበቅ መረቡን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይጎዳ ይሆን እያለች ሌሊት ትገላበጣለች። ስንት ጊዜ ለሴቶቹ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋች።

የከለከላት አንድ ነገር ነው። ኬሌራ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም። ሁለቱንም ጊዜ ገና በጧቱ ተናግራ ነበር፤ መንደሩም ዘምሮላት፣ ለሕፃኑ ምንጣፍ ተሠርቶላት ነበር።

አሁን ደግሞ ይህ ወረርሽኝ አለ። ወደ ከተማው ወደ ሱቫ የሚወስደው መንገድ በኬላ ተዘግቶ ይከፈታል፣ ተከፍቶ ይዘጋል። ኬሌራ የምትሠራበት ሆቴል ከተዘጋ ቆይቷል። ባሏ ቪሊያሜ ለሥራ በሄደበት ደሴት መርከብ አጥቶ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ጸሎቱ በሬዲዮ ሆኗል። ቤቱን የያዘው ያ መረብ ነው፤ መረቡ ደግሞ ባዶ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ቶሪካ ለውሃ ስትወጣ ኬሌራ ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ጨርቅ ስታጥብ አየቻት። ውሃው ቀላ ብሎ ይወርዳል። ልጅቱ አያቷን ስታይ ጨርቁን በእግሯ ሸፈነች። ቶሪካ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ዛሬ ውሃው ኃይል የለውም ብላ አልፋት ሄደች። ቁርስ ላይ ኬሌራ ከተማ ደርሼ እመጣለሁ ስትል፣ እኔም ጉዳይ አለኝ አለች። ኬሌራም ምን ጉዳይ ነው ብላ አልጠየቀቻትም።

አውቶቡሱ ሰው ከሰው ስለማያቀራርብ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ተቀመጡ። ቶሪካ መንገዱን ሁሉ የልጅቱን ማጅራት እያየች ጸለየች። ጭምብሉ ትንፋሿን መልሶ ፊቷ ላይ ያለብሳታል።

የሴቶች ክሊኒኩ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ዳገት ላይ ወዳለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ነበር። መሬቱ ላይ በቀለም ክብ ክብ ተሥሏል፤ በአንድ ክብ አንዲት ሴት ትቆማለች። በሩ ላይ ከላስቲክ መጋረጃ ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ ሙቀት ትለካና የመጡበትን ትጠይቃለች። ጭምብሉ ድምፅዋን ስለሚያፍነው ትጮኻለች፤ መላሿም ትጮኻለች። ስለዚህ የእያንዳንዷ ሴት ጉዳይ ለሰልፉ ሁሉ ይታደላል። አንዷ ላለመውለጃ መርፌ መምጣቷን ተናገረች። ሌላዋ ስለ ማሳከክ የሆነ ነገር ስትል ከኋላ ያሉት ሰማይ ሰማይ አዩ።

ከፊታቸው ሦስተኛው ክብ ላይ የቆመችው ሴኒሚሊ ነበረች። ሴኒሚሊ የቶሪካ የአክስት ልጅ ናት፤ መረቡንም የምትመራው እሷ ናት። የአክስትና የአጎት ልጆች በአገሩ ወግ ሲገናኙ መቀላለድ፣ መሰዳደብ እንኳ ይገባቸዋል፤ የተቀየመ ነው የሚታማው። ሴኒሚሊ ደግሞ ለዚህ ወግ የተፈጠረች ሴት ናት። ተራዋ ደርሶ ስትጠየቅ ወደ ሰልፉ ዞር ብላ ነበር የመለሰችው።

"ጡቴን ልታይ ነው። ጧት ስነሣ ሁለቱም ነበሩ፤ አንቺም ብትፈልጊ ቁጠሪያቸው።"

ሰልፉ ሳቀ። ኬሌራ አልሳቀችም። ቶሪካ ከልጅቱ ኋላ ባለው ክብ ቆማለች። ሴኒሚሊ ተራ ቁጥሯን ይዛ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀምጣለች፤ የሚባለው ሁሉ ጆሮዋ ይገባል። ኬሌራ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ዞራ አየች። ትታው ልትሄድ ነው፤ ቶሪካ ይህን እንደ ራሷ ሐሳብ አወቀችው። ደሟን ይዛ ወደ ቤት ልትመለስ ነው።

"ምን ሆነሽ መጣሽ?" ስትል በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጮኸች።

ኬሌራ እንደገና ወደ መንገዱ ዞረች። ቶሪካ ክቧን ትታ ወደፊት ተራመደች።

"ታማሚዋ እኔ ነኝ፤ እሷ ደጋፊዬ ናት። ደም ይፈሰኛል።" ድምፅዋ ራሷ ከጠበቀችው በላይ ወጣ።

ሽማግሌና አሮጊት አንድ ደጋፊ ይፈቀድላቸው ነበርና ሴትዮዋ የቶሪካን ስም መዝግባ ተራ ቁጥር ሰጠቻት። ከአግዳሚው ላይ ግን ሴኒሚሊ ተነሣች።

"ቶሪካ፣ አንቺ የማታፍሪ! በዚህ ዕድሜሽ ደም? እኛ ወጣቶቹን ስንጠረጥር መረባችንን ባዶ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ ለካ። አባቱ ማነው? የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለው ሽማግሌ እንዳይሆን ብቻ።"

"ቅናት ነው፤ አንቺን ማን ይይሽ" አለች ቶሪካ። ሴቶቹ ክባቸው ውስጥ ሆነው በሳቅ ተንከተከቱ። ቶሪካም የኬሌራን ክንድ ይዛ፣ እያነከሰች፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ እያነከሰች ገባች።

ክፍሉ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበር። ግድግዳው ላይ የኤሊና የሸርጣን ሥዕል ተለጥፏል። ሲስተር ኡናይሲ የምትባለው አዋላጅ ነርስ ፊቷን በላስቲክ ከልላለች፤ ዓይኗ ብቻ ይታያል። የደከመ ዓይን ነው። ቶሪካን እየረዳች ከአልጋው አጠገብ አቆመቻት፤ በእርስዎ ዕድሜ ደም መፍሰስ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዛሬውኑ በደንብ መታየት አለብዎት አለቻት። መቼ እንደጀመረ ጠየቀቻት። ቶሪካ ዛሬ ጧት አለች። ብዙ ነው? ብዙ አይደለም፤ እኔ እንጃ፤ ጨርቅ ላይ ነው ያየሁት። ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ አልጋው ላይ እንድትወጣ ስትነግራት ቶሪካ ሽርጧን ሰብስባ መውጣት ጀመረች። ለውሸቷ ስትል እስከ መጨረሻው ልትመረመር ቆርጣ ነበር።

"ውረጂ፣ ቡ" አለች ኬሌራ። አያቷን እንደ አገሩ ልጆች "ቡ" ነው የምትላት። "ሲስተር፣ ደሙ የእኔ ነው። ሦስተኛ እርግዝናዬ ነው። ሁለቱ ወርደውብኛል።"

ቶሪካ አንድ እግሯ አልጋ ላይ፣ አንድ እግሯ መሬት ላይ እንዳለ ቀረች።

ሲስተር ኡናይሲ አንዷን ካየች በኋላ ሌላዋን አየች። ተቆጣች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ ነው የተቆጣችው። ውጭ ሠላሳ ሴት ቆማ እያለ ሰው ይቀልዳል ወይ አለች። ደንቡ ነፍሰ ጡር ብቻዋን ትግባ ነው፤ አያትየዋ ውጭ መጠበቅ ነበረባቸው። ቶሪካ ሽርጧን አስተካክላ ወደ በሩ ተራመደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሲስተር ጠራቻት።

"ቡ፣ መዝገቡ ላይ ታማሚዋ እርስዎ ነዎት። ታማሚ ሳይታይ አይወጣም። እዚያ ጥግ ላይ ይቀመጡ፤ ምንም እንዳይነኩ።"

ቶሪካ ከአልጋው ግርጌ ጥግ ባለ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ። ኬሌራ አልጋው ላይ ተኛች። ሲስተር ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዷ ላይ አድርጋ መሣሪያውን እያንሸራተተች ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። አልተናገረችም። ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ አለች፣ ተመለሰች። ያ ዝምታ ቶሪካ ሬሳ አጠገብ ተቀምጣ የምታውቀው ዝምታ ነበር። እጇ በራሱ ተነሥቶ የኬሌራን እግር ያዘ፤ አትንኪ የተባለችውን ረስታዋለች። እግሩ እንደ በረዶ ነው። በሁለት እጇ ይዛ ታሸው ጀመር።

"ባለፈው ጊዜ ሁሉም መጡ" አለች ኬሌራ ጣሪያውን እያየች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። "ምንጣፉን ይዘው፣ ምግቡን ይዘው፣ እያለቀሱ መጡ። ሲያለቅሱ ሳይ እኔ ነኝ ተነሥቼ ያባበልኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ። ሦስተኛ ከሆነ ብቻዬን ላልቅሰው፣ ቡ። እባክሽ ለማንም አትንገሪ።"

መረቡ ነበረ፣ ወጉ ነበረ፣ ቶሪካ ያን ሁሉ ሌሊት ስትገላበጥ ያሰበችው ነበረ። የያዘችው እግር ግን ገና ሲራመድ እሷ ጭን ላይ የወጣ እግር ነው። "አልናገርም" አለች። ወዲያው ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገረማት።

ያን ጊዜ ሲስተር አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ክፍሉ በድምፅ ተሞላ። ከሩቅ የሚመጣ የትንሽ ጀልባ ሞተር ይመስል ነበር፤ ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ የቸኮለ። ሲስተር ስክሪኑን አዞረች፤ ዓይኗም ትንሽ ለሰለሰ።

"ልቡ ነው" አለች። "ይመታል፤ ገና አትሳቁ፤ ሆድሽን አታነቃንቂብኝ።"

ኬሌራ ግን እየሳቀች ነበር፣ እያለቀሰችም፤ ጭምብሏ ረጠበ። ቶሪካ የእግሩን ጣት ጭምር አጥብቃ ያዘች። ሲስተር ተስፋ አላበዛችም። እንዲህ ያለ ደም አንዳንዴ ታይቶ ይቆማል፣ አንዳንዴም አይቆምም አለች። መሸከም አይኖርም፣ ባሕር ውስጥ መቆም አይኖርም፣ እረፍት ብቻ። ከበዛ በማንኛውም ሰዓት ይመጣሉ፤ ካልበዛ በሚቀጥለው ሳምንት። ለቶሪካ ደግሞ የደም ግፊቷን ለክታ፣ ለምን እንደመጣች ለሚጠይቃት ሰው ለግፊት ነው ብትል ውሸት አይሆንም አለቻት፤ እውነትም ከፍ ብሎ ነበር።

ሲወጡ ሴኒሚሊ ተመርምራ ጨርሳ ማንጎው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ገና ሳይደርሱ ጀመረች፤ ወንድ ነው ሴት፣ ስሙን በእኔ ነው የምታወጪው፣ ጥርስ ሳይኖርሽ እንዴት ታኝኪለታለሽ እያለች። ሌሎቹም ይጠብቃሉ።

ቶሪካ ለመመለስ አፏን ስትከፍት መረቡ ትዝ አላት። ነገ ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ሴቶቹ መረብ ይዘው ይወጣሉ፤ ኬሌራም ትጠራለች፤ ብትቀር ለምን ይባላል፤ ብትገባ ደግሞ ሲስተር ያለችው አለ። ትንሽ አሰበችና ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸች።

"ባሕር እንዳትገቢ ተብያለሁ፣ ሴኒሚሊ። ብዙ ወር። ኬሌራም አትመጣም፤ እኔን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሏል።"

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከዚያ ባሕር ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከበዳት። ሴቶቹም ሳቃቸውን ቆረጡ።

ሴኒሚሊ ቶሪካን አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኬሌራ ሄደ፤ ወደ ቀላው ዓይኗ፣ ሳታውቀው ሆዷ ላይ ወዳረፈው እጇ። እዚያ ጥቂት ቆየ። ቶሪካ በዚህ ዕድሜዋ ሴኒሚሊ አንድ ቃል ሳትናገር እንዲህ ስትቆይ አይታ አታውቅም።

"ኢሳ" አለች ሴኒሚሊ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብላ፤ የአገሩ ሰው አንጀቱ ሲባባ የሚላት ቃል ናት። ወዲያው ግን ተነሥታ በዚያ የገበያ ድምፅዋ ሴቶቹ ላይ ጮኸች።

"ምን ትገተራላችሁ? ለነፍሰ ጡሯ አሮጊት ወንበር ልቀቁላት እንጂ። እስክትወልድ ዓሣዋ ከእኛ ነው። ሁለት ድርሻ፤ ስትበላ ታውቋታላችሁ።"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ቶሪካ በተለቀቀላት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ደግፊኝ ብላ ኬሌራንም ከጎኗ አስቀመጠቻት። ማንም ስለ ኬሌራ አልጠየቀም። አሮጊቷ የሰውን ሳቅ በትከሻዋ ተሸክማ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ደረጃው ለልጅቱ ይረዝምባት ይሆን ብላ ገና ካሁኑ መጨነቅ ጀምራ ነበር።