በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ወደ ቀኝ

ጣሊያኑ ሻምበል ወደ ቡሬ ገጠር የመጣው አንድ ሰው ሊይዝ ነበር፤ የአርበኞችን ጠመንጃ የሚጠግነውን ቤተ እስራኤላዊ፣ ይሄይስን። ይሄይስ ከደምቢያ መጥቶ ከወንዙ ማዶ ብረት መቀጥቀጥ ከጀመረ አሥር ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ማረሻ ሊያስረክብ ወዲህ ተሻግሮ ኖሮ፣ ወታደሮቹ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰበሰቡት። መልኩ እንደሆነ ከማንም አይለይም።

ሻምበሉ በአስተርጓሚው በኩል የወንጌል መምህሩን የኔታ ክንፈሚካኤልን ጠየቀ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት አሉ። አይሁዳዊ በምን ይታወቃል? ከዋሹ መንደሩ ይቃጠላል።»

የኔታ ሠላሳ ዓመት ወንጌል ያስተማሩበት አፍ ውሸት አልለመደም፤ ይሄይስን ቢጠቁሙ ደግሞ የሰው ነፍስ መጥፋቱ ነው። ጨንቋቸው ሳለ ያ ያስተማሩት ነገር ራሱ መጣላቸው።

«በስምንተኛው ቀን ይገረዛል።»

«በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ወደ ቀኝ!»

ወንዱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። የኔታም አብረው ሄዱ።

«ሌላስ?»

«ቅዳሜን ያከብራል፤ አያርስበትም።»

«ቅዳሜ የሚያርስ ወደ ግራ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም።

«የአሳማ ሥጋም አይበላም» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ምራቁን እንትፍ አለ።

ሻምበሉ በርበሬ መሰለ። «ትቀልዳለህ? እናንተ ክርስቲያኖች አይደላችሁም?»

«ነን። ጌታችንም በስምንተኛው ቀን ተገርዟል። ሐዋርያቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ምኩራብ ይሄዱ ነበር። ቤታችን የቆመው በነሱ መሠረት ላይ ነው፤ ከየት ጀምሬ ልለይልዎ?»

ሻምበሉ በጥፊ አላሳቸው። መንደር ሙሉ ሰው አስሮ መሄድ ስላልቻለ ግን እየተሳደበ ተመለሰ።

ሰዉ የኔታን ከቦ አወደሳቸው። እሳቸው ግን አፈሩ። የተናገሩት እኮ ማታለያ አልነበረም፤ እውነት ነው። ያንን እውነት ሲያስተምሩ ኖረው ይሄይስን አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን አላስረገጡትም፤ ቡዳ ነው ሲባልም ዝም ብለው ሰምተዋል።

«ይሄይስ፣ ቤቴ ግባ» አሉት።

ይሄይስ ፈገግ አለ። «የኔታ፣ እኛም ሕግ አለን። ክርስቲያን ቤት አልበላም። ክርስቲያን ከነካሁም ወንዝ ወርጄ ታጥቤ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ልጆቼ ዘንድ አልገባም።»

«አውቃለሁ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ገና ረፋድ ነበር። ይሄይስ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከዚያም ተጠጋና፣ ጥፊው ያሳበጠውን ጉንጫቸውን ሳመው።