ሁለት ጊዜ የተለቀሰላት ቨርና

«ያኔም ድንች በቺዝ ነበር ያመጣሁት» አሉ ሚስስ ኦርፋ፣ ትኩሱን የመስታወት ሳህን ለትሬሳ እያስታቀፉ። «ዛሬም እሱኑ ነው። እናትሽ ሁለተኛ ትሞታለች ብዬ መቼ አስቤ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ያኔ ዘፈንሽን በሬዲዮ ሰምቼ ስመጣ እኮ በሩን ራሷ ናት የከፈተችልኝ። ደርቄ ቀረሁ። ‹ይግቡ፣ ሟቿም ሐዘንተኛዋም እኔው ነኝ› አለችኝ። ሳህኔን በሳምንቱ አጥባ መለሰችልኝ፣ ምስጋናዋም ተጽፎ ገብቶበት።»

ሴትዮዋ ይህን ብለው ወደ ሬሳ ሣጥኑ ሄዱ። ቨርና ስቲድሃም ከቀብር አስፈጻሚው ሳሎን ግድግዳ ሥር፣ በአበባ መሃል፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ተጋድማለች። የሚሰናበታት ሁሉ መጀመሪያ ቀሚሱን ያያል፣ ቀጥሎ ፊቷን፣ ቀጥሎ ደግሞ ዞር ብሎ ትሬሳን። ከዚያ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል ትሬሳ ታውቃለች፣ የጻፈችው እሷ ናት፦

*ሰማያዊዋን አልብሰን ሸኘናት፣
ማክሰኞ ነበር፣ ሰማዩም አለቀሰላት።*

ቨርና በሕይወቷ ሰማያዊ ቀሚስ ኖሯት አያውቅም። ይሄንን የገዛችው እህቷ ኢሞጂን ናት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከነዋጋ ወረቀቱ። ወረቀቱ አሁንም በሟቿ ብብት ሥር አለ።

«ምን ላድርግ?» አለች ኢሞጂን፣ የትሬሳን ዓይን አይታ። «ሬዲዮው አራት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሰማያዊ ሲል ከርሞ እኔ ቡናማ ላልብሳት? ሰው ምን ይላል?»

«ቀብሩን ማክሰኞ ያደረገውስ ማነው?»

«እሱን እንኳ የቀብር ቤቱን ሰውዬ ጠይቂ። እኔ ቀን አልመረጥኩም። ዝናብ ይጥላል መባሉንም እኔ አላልኩም።»

ትሬሳ በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለከተች። የእናቷ ፒክአፕ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ነድታ ያመጣችው ራሷ ናት። በሹፌሩ በኩል ያለው መስታወት ወርዷል። ስትወርድ እስከ ላይ ዘግታው ነበር። መስታወቱ ጥርሱ አልቆ በራሱ እንደሚንሸራተት አገር ያውቃል፣ ቢሆንም ትሬሳ ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን መንቀል አቃታት። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከየመድረኩ ጀርባ፣ ስትፈልገው የኖረችው ይሄንኑ የወረደ መስታወት ነው።

ነገሩ የጀመረው በዘፈን ከተማዋ በናሽቪል ውስጥ፣ ሦስት ሰው በሚይዝ ሶፋ ላይ ነው። እዚያ ከተማ ዘፈን የሚጻፈው በቀጠሮ ነው፤ እንደ ጥርስ ሐኪም። አምስት ሰዓት ላይ ከማታውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር ትቀመጫለሽ፣ አንዱ ጊታር ይነካካል፣ ሌላዋ «እሺ፣ ያንቺ ቁስል ምንድነው?» ትልሻለች። ትሬሳ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ቁስል አልነበራትም። ያላት ኬንታኪ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ መሪ እንደያዘች ለአርባ ሕፃናት የመዝሙር ሁለተኛ ድምፅ የምታስተምር እናት ናት። ከደስተኛ እናት ዘፈን አይወጣም። ስለዚህ ገደለቻት።

እስከዚህ ድረስ ኃጢአት የለውም፣ ዘፋኝ ስንቱን ይገድላል። ጥፋቱ የመጣው በሳምንቱ ነው፤ አራት የዘፈን ጸሐፊዎች ተራ በተራ በሚጫወቱበት ትንሽ ቤት ዘፈኑን ስትጨርስ፣ ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት እንባዋን እየጠረገች «የኔ ልጅ፣ እውነት ነው?» አለቻት። ትሬሳ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ብቻ። ጋርነር የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ ዘፈኑንም ከነታሪኩ ወሰደው።

በማግስቱ ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ገደልኩሽ።»

«በምን?»

«በሳንባ።»

«እንግዲህ ቢገድለኝም እሱ ነው» አለች ቨርና፣ ሲጋራዋን እየሳበች። «ምን ለብሼ ነበር?»

«ሰማያዊ ቀሚስ።»

«ሰማያዊ ቀሚስ የለኝም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ከወዲያ በኩል ቨርና ጭሱን አወጣችው። «ይቅናሽ እንጂ» አለች። «ይቅናሽና እኔ ሞቼ ልቆይልሽ።»

ቆየችላትም። የቨርና ከተማ ሰው ሁሉ አብሮ ዋሸ። ከናሽቪል መቃብሩን ፎቶ ሊያነሳ የመጣውን ጋዜጠኛ ኢሞጂን እጁን ይዛ አማቷ መቃብር ላይ አቆመችው፤ አማቷን ዕድሜ ልኳን ስትጠላት ኖራ በዚያ ቀን እውነተኛ እንባ ወጣት። ቨርና የልጇን ኮንሰርት አንድም አላለፋት። ግን አትገባም። ፒክአፑን ከአዳራሹ ጎን አቁማ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ መስታወቱን አውርዳ ትሰማለች። ትሬሳ ስትጨርስ በጓሮ ወጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች።

«ሦስተኛው አንጓ ይጎተታል» ትላታለች ቨርና። «ሞቼ አልቄያለሁ፣ ቶሎ ቅበሪኝ።»

ባለፈው መስከረም ትሬሳ ናሽቪል ያለው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ እንድትዘፍን ስትጠራ፣ ቨርና መሪውን በጣቷ እየመታች «እዚያ እንኳ ወንበር ላይ ብቀመጥ» አለች። «ከኋላ። ማን ያውቀኛል?»

ጋርነር እናቷ በሕይወት እንዳለች አያውቅም። ፊት ረድፍ ላይ ደግሞ የሁለት ሬዲዮ ጣቢያ ሰዎች ይቀመጣሉ። «በሚቀጥለው ጊዜ፣ እማ» አለች ትሬሳ።

«ምን ቸገረኝ። መኪና ውስጥ መጠበቅ ሥራዬ ነው።»

ቨርና ባለፈው ሐሙስ ሞተች። በሳንባ።

ጋርነር ሰኞ ከሰዓት ደረሰ፣ ከረባቱ ጥቁር፣ ፊቱ የገረጣ። ትሬሳ ደውላ ሁሉንም ነግራዋለች። ጥግ ላይ ወስዶ፣ ለሐዘን ቤት እንደሚገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚኝ፣ አልተቆጣሁም» አላት። «እዚህ ያለ ሰው አፉን ይይዛል፣ አይቼዋለሁ። ለውጭው ሰው ነገ የምትቀበረው አክስትሽ ናት። ዘፈኑን ለአክስትሽ ትዘፍኚላታለሽ፣ ያም ያምራል። አንድ ትንሽ ካሜራ ብቻ።»

«አክስቴ?» አለች ትሬሳ። ኢሞጂን ከወዲያ የአሳማ ሥጋ ስትቆርጥ ይታያል።

«ካለዚያ ያለቀልሽ ነገር ነው። በእናት ሞት ያለቀሰ ሰው ተታለልኩ ሲል ይቅር አይልም። ሁለተኛ የሚሰማሽ የለም።»

ትክክል እንደሆነ ታውቃለች። የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ አላለቀሰችም። እንባው ሲመጣ ግጥሙ ቀድሞ ይመጣል፣ ቤት እየመታ፣ እሷም ጸጥ ብላ ታዳምጠዋለች። እናቷን አራት ዓመት በየከተማው ስትቀብር ከርማ፣ ለእውነተኛው ቀን የተረፈ ቃል አጣች።

ማክሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ፤ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ኢሞጂን፣ አጠገቧ ቦርሳዋ፣ ቀጥሎ ጋርነር። ካሜራው ምሰሶ ሥር ቆሟል። ፓስተሩ፣ ወንድም ዴልበርት፣ ጸሎቱን ጨርሶ «አሁን ትሬሳ ሁላችንም የምናውቀውን መዝሙር...» አለና ተቀመጠ።

ትሬሳ ጊታሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች። የመጀመሪያውን ክር ነካችና እጇን ጫነችበት።

«እናቴ የሞተችው ሐሙስ ነው» አለች። «ያለፈው ሐሙስ። ይሄን ዘፈን ስጽፍ አውቶቡስ እየነዳች ነበር። እውነት ነው ወይ ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ኮንሰርቴን ወንበር ላይ ተቀምጣ አልሰማችም። ያልሰማችው በኔ ነው።»

ከኋላ ሚስስ ኦርፋ ለጎረቤታቸው «ታዲያ አራት ዓመት የዋሸነው ለማን ነው?» ሲሉ ተሰማ። ጋርነር ካሜራውን ለያዘው ሰው እንዲያጠፋው እጁን አወዛወዘ፤ ሰውየው ግን ወይ አላየውም፣ ወይ ማየት አልፈለገም።

ትሬሳ ጊታሯን አወረደችና በመሃል መተላለፊያው ወደ በሩ ሄደች። «ትሂድ፣ ተዉአት» አለ ወንድም ዴልበርት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፣ ከውጭ የፒክአፑ በር ሲከፈት ተሰማ።

ተመልሳ ስትገባ ብብቷ ሥር የሹፌር ትራስ ይዛለች፤ ቨርና በክር የሠራችው፣ መጀመሪያ ከአውቶቡሱ ኋላም ከፒክአፑ ወንበር ያልተለየ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የተቀመጠችበት። ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደች።

«አክስቴ፣ ቦርሳሽን።»

ኢሞጂን ትራሱን አየችው፣ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ጋርነር ምንም ሳይባል አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ለቆ ፈቀቅ አለ።

ትሬሳ ትራሱን ክፍት ቦታው ላይ ዘረጋችው። ሲጋራ ሲጋራ ይላል። የተጨፈለቀው ጎን ወደ መድረኩ እንዲዞር አድርጋ አስተካከለችው፣ በመዳፏም አንዴ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጥታ ጊታሯን አነሳችና ዘፈኑን ጀመረች፤ ሦስተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ አፈጠነችው።