ግራጫዋ ክብ

ጸሐፊዋ ሁለተኛዋን ክብ ልብ ያለቻት ቦርሳዋን ካነገተች በኋላ ነው። የተማሪዎቹ የዶርም ዝርዝር ሲከፈት፣ ፋይሉን የሚያይ ሰው ሁሉ በስክሪኑ ጥግ በትንሽ ክብ ይታያል። አንዷ የራሷ ናት። ሌላዋ ግራጫ ናት፤ ስም የላትም። ጠዋትም ነበረች፤ የኮሌጁ የአይቲ ባለሙያ መስሏት አልፋታለች።

ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ስለሚውል "ድመቱ" ለሚሉት ለዚያ ባለሙያ ደወለች።

"ፋይሌ ውስጥ ምን ትሠራለህ?"

"እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ገመድ እየሳብኩ ነው፣ እናታችን። ስሙ ማን ይላል?"

"ምንም አይልም።"

"እንግዲያው የእኛ ሰው አይደለም። ሊንኩን ለማን ሰጡት?"

ለማንም ልትል ስትል ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ። የፈተና ፕሮግራም የሚጠይቅ ተማሪ በሯን ሲያንኳኳ ስለሚውል፣ ከትናንት ወዲያ ኪውአር ኮድ አትማ፣ ከሥሩ የቢሮውን ስልክ ጽፋ ለጥፋለች። ፕሮግራሙን ብቻ ያጋራች መስሏት ነበር። ለካ ያጋራችው ፎልደሩን እንዳለ ነው፤ ያውም ሊንኩ ለደረሰው ሁሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አላፊ አግዳሚው ስልኩን እየደቀነ ገብቶበታል።

በስክሪኑ ላይ የግራጫዋ ክብ ጠቋሚ ምልክት መንቀሳቀስ ጀመረ። እንደሚያነብ ጣት ስም በስም ወረደ፣ ወረደና ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ቆመ።

በዚህ ረድፍ ያለችውን ልጅ ታውቃታለች። የእንጀራ አባቷ እያፈላለጋት እንደሆነ፣ ካገኛትም እንደማይምራት በሹክሹክታ ነግራት፣ ክፍል የቀየረችው ባለፈው ሳምንት ነው። አዲሱ ክፍል ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም ብላ በገዛ ልጇ ምላላታለች።

ድመቱ በስልክ እየመራት ፋይሉን ስማቸው ለተመዘገበ ሠራተኞች ብቻ አደረገችው። ክቧ ጠፋች።

"ተዘግቷል" አለ ድመቱ። "ግን ካወረደው ወርዷል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ አይደል?

ገና ሳትቀመጥ የጠረጴዛው ስልክ ጠራ። የሰውዬው ድምፅ ለስላሳ ነው፣ የደግ ዘመድ ዓይነት።

"ይቅርታ እህቴ፣ ክፍል ሠላሳ ሁለት የትኛው ሕንፃ ላይ ነው?"

የልጅቷ አዲስ ክፍል ነው። በዝርዝሩ ላይ የሕንፃውን ዓምድ ነገ እሞላዋለሁ እያለች ሳትሞላው ከርማለች። ስንፍናዋን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነችው።

"ማን ልበል?"

"አባት ነኝ።"

ይኼኔ የኮሌጁ የመውጫ ደወል ተደወለ። በመስኮቱ ሰማችው። በስልኩም ውስጥ ሰማችው።

እንዲህ ያለ ክፍል የለንም ብላ ዘጋች። ለጥበቃዎቹ ደውላ ግቢ የገባ እንግዳ እንዲፈልጉ ነገረቻቸው፤ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥላ ወደ ዶርሙ ሮጠች። ልጅቷ ልብስ እያጠፈች ነበር።

"ልጄ፣ ያለሽበትን አውቋል። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ልጅቷ አተኩራ አየቻት። "ምለውልኝ ነበር እኮ፣ እትዬ።"

"አዎ። ምያለሁ።"

በግቢው የኋላ በር በድመቱ መኪና ወጡ። ጥበቃዎቹ ማንንም አላገኘንም ብለው ደወሉ፤ እሷን ግን ይኼ ጭራሽ አላረጋጋትም። ነገ በጠዋት አብረው ፖሊስ ጋ እንደሚሄዱ መንገድ ላይ ተነጋገሩ።

ቤት ሲደርሱ የጸሐፊዋ ልጅ ምንም ሳትጠይቅ አልጋዋን ለእንግዳዋ አካፈለቻት። መብራት ገና በየመስኮቱ እየበራ ነው። ከድመቱ መልእክት ገባ፤ "ለፋይሉ፣ የልጅቷ አዲስ አድራሻ ምን ይባል?"

የእጅ ልማድ ሆነና የሰፈሩን ስም እስከ ግማሽ ጻፈች። ፊደል በፊደል አጠፋችው። "ባዶ ይሁን" ብላ ላከች።

ከዚያ በሩን ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈች፤ ቁልፉንም እንደ ወትሮው ሚስማሩ ላይ አልሰቀለችውም።