ሃምሳው ሲወጣ

ይህ የምነግራችሁ ከራሱ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ካለበት የቀሐ ወንዝ ይውሰደኝ። በበጋ እንዳይመስላችሁ፤ በበጋማ ቀሐ ጫጩትም አይወስድ። በነሐሴ ሙላቱ ይውሰደኝ።

አንዱዓለም ማራኪ በሚባለው የተማሪ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቆራጭ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ጥሎ የወጣ ቢሆንም፣ በነፃ የሚቆርጥለት አንድ የሳይኮሎጂ ተማሪ ሂፕኖሲስ የሚባለውን፣ ሰውን በንግግር የማፍዘዝ ጥበብ አስተምሮታል። ከዚያ ወዲህ እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀይ ሽንኩርት እንደ ፖም ገምጦ፣ «ይጣፍጣል፤ ከየት ገዛኸው?» ይላል። አንዱን ዘበኛማ የክትፎ ስም ብቻ ጠርቶለት ሦስት ቀን ጠግቦ ዋለ።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የአክስቱ ልጅ ሥርጉት አባቷን አያ አዘዘን ከዳባት ገጠር ይዛ መጣች። አንዱዓለም ሲያያቸው ደነገጠ። ያ ሞፈር በአንድ እጁ የሚያነሣ ሰው ጋቢው ውስጥ ጠፍቷል። ሚስታቸው ሽታዬ፣ የአንዱዓለም አክስት፣ በሆሳዕና ከሕዝቡ ጋር ቆማ ፍትሐቷን ሰምታ በማግስቱ ሰኞ ዐረፈች። ፋሲካ ሌሊት አገሩ ሲፈስክ አያ አዘዘ፣ «የምታጎርሰኝ ሳትኖር ምን ብዬ ልፈስክ?» አሉና ቆሎና ውሃ ብቻ ይዘው ቀሩ። ቆይተው ቆሎውንም ተዉት።

«ሐኪሞቹስ ምን አሉ?» አለ አንዱዓለም።

«ሆዳቸው ንጹሕ ነው፣ ይብሉ አሉኝ። እሱንማ እኔም አውቅ ነበር!» አለች ሥርጉት።

አያ አዘዘ የፀጉር ቤቱን ወንበር ገረመሙት። «ምነው፣ ልትደግምብኝ ነው? እኔ የጠንቋይ ደጅ አልረግጥም።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! የፈረንጅ ሕክምና ነው አያ። ድግምት ባውቅ ኖሮ የሰው ፎረፎር ሳራግፍ እውል ነበር?»

ተቀመጡ። አንዱዓለም እንደ ልማዱ የስልኩን መብራት አበራባቸው።

«ይቺን ባትሪ ካይኔ ላይ አንሣት። ሌባ መሰልኩህ?»

መብራቱ እንዳልሠራ ሲያይ ወደ እርሻቸው ወሰዳቸው። «እሺ፣ በሬዎቹን ይጥመዱ። ስማቸው ማን ነው?»

«ዳልቻና ቦራ።»

«ይያዙት እርፉን። አንድ ትልም ሄዱ። ዞሩ። ሁለት ትልም...» በዘጠነኛው ትልም ላይ የአያ አዘዘ ዓይን ተከደነ፤ እጃቸው ግን እርፍ እንደ ጨበጠ ቀረ። «አሁን መሸ። በሬዎቹን ፈቱ። ቤት ገቡ። ሽታዬ እጅዎን አስታጥባ ማዕዱን አቅርባለች።» አንዱዓለም ድምፁን አለሰለሰ። «ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ!»

ሥርጉት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቷ ሞታም በሞቴ ትላለች። እንደ ምንም ብላ ከያዘችው ሽሮ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አያ አዘዘ አኘኩ፤ ዋጡ።

«ሽታዬ፣» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እጅሽ ምነው ለሰለሰ? ሥራ ተውሽ?»

ሲነቁም፣ «ዛሬ ደኅና ታረሰ» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው አርፈው በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ያርሳሉ፤ ይበላሉ። ጉንጫቸው ሞላ። ከወንበሩ ሲወርዱ ግን እህል በዓይናቸው አይዞርም። ለሽታዬ አርባ አገር ደርሰው ሲመለሱ እንኳ፣ ለተዝካርተኛው ሲያድሉ ዋሉ እንጂ እሳቸው አልቀመሱም።

«ነቅተው የሚበሉት መቼ ነው?» ትላለች ሥርጉት። «ከኔ ከልጃቸው እጅ ይብሉ በላቸው እንጂ!»

«ነገ እላቸዋለሁ።»

ነገውም ነገ ሆነ። አንዱዓለምን ጨዋታው ጣፍጦታል። ተማሪዎች መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ያዩታል፤ እሱም ለነሱ ብሎ ሽሮውን አንድ ቀን ጥብስ፣ አንድ ቀን ክትፎ ያደርገዋል። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ነውና ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ይበላል፤ ቀን የሚቆጥር የለም።

ሃምሳው እሑድ ወጣ። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ አያ አዘዘ ዘጠኙን ትልም ጨርሰው ቤት ገቡ። አንዱዓለም ወደ መስኮቱ ጠቀሰና፣ «ዛሬ ሽታዬ ዶሮ ሠርታለች፤ እንቁላሉን እያነሣችልዎ ነው። ይጉረሱ፣ በሞቴ!» አለ።

ሥርጉት ሽሮውን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። በዓይኗ ጠቀሰችው፤ አላያትም። የአያ አዘዘ አፍ ሊከፈት ብሎ ተዘጋ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዛሬማ ጥጋብ ነው!» ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ረቡዕ ነው። ሃምሳው ወጥቷል። ሽታዬ አርባ ዓመት ስታበላኝ በረቡዕ ቅባት አስነክታኝ አታውቅም።» ዓይናቸውን ገለጡ። የልጃቸውን እጅ አዩ፤ ሽሮውን አዩ፤ መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ፊት አዩ። «እሷ አይደለችም» አሉ ቀስ ብለው። «እስካሁንም አልነበረችም።»

«አያ፣ ተሳስቼ ነው! ሽሮ ነው፣ የጾም ነው፣ ይዩት!» አንዱዓለም እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ልጄ፣ አልተቆጣሁህም። እሷ ስትሞት የጌታ ሕማማት ነው ብዬ አላለቀስኩላትም ነበር።» ይህን ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያው ወንበር ላይ አለቀሱ። ከመስኮቱ ሰው አንድ በአንድ ራቀ።

በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንዱዓለምም ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ተከተላቸው። ሰኔ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ አያ አዘዘ መደብ ላይ ተኝተዋል።

«በሬዎቹን ይጥመዱ አያ» አላቸው።

«ደክመዋል። ተዋቸው ይረፉ።»

ሌላ ብልሃት አላወቀም። በስምንተኛው ቀን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ አፋቸው ድረስ አደረሰና በገዛ ድምፁ፣ «አያ፣ ሽታዬ አይደለሁም። አንዱዓለም ነኝ። ሽሮ ነው፤ ቀኑም ሐሙስ ነው» አለ። አያ አዘዘ ረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ጎረሱ። «ጨው አንሶታል» አሉና ዋጡት። በሦስተኛው ቀን ከሽታዬ ጎን ተቀበሩ።

እንግዲህ ምያለሁና፣ ሰኔም ገብቶ ቀሐ መሙላት ስለጀመረ፣ አንዲት ነገር ልናዘዝ። የመጨረሻዋን ጉርሻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። አያ አዘዘ አልጎረሱም። አፋቸውን እንደ ገጠሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ አንዱዓለም ክንዱ እስኪዝል ዘርግቶ ቆየ፤ ሽሮው ጣቱ ላይ ደረቀ።