አምስቱ ዋና ኮምፒውተሮች

በዚህች ምድር ላይ እንደ እኔ ሶፋ የሚያለብስ ሰው የለም። እኔ ያለበስኩት ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቤቱን ይረሳል፤ አንዱ እስካሁን አልተነሳም ይባላል። በድምፅ የተተረኩ መጻሕፍት በማከማቸት ደግሞ የሚስተካከለኝ የለም። ኢንተርኔት ላይ በከፈትኩት አካውንት ያሉኝ ትረካዎች ቢደረደሩ ሰማይ ይነካሉ። ባለቤቴ «ሠላሳ አይሞሉም» ትላለች። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ነገር ማሳነስ ትወዳለች።

አካውንቱ ታዲያ ከአምስት ኮምፒውተር በላይ አያስገባም። አምስቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ አንዱ ወርክሾፔ፣ አንዱ ቤታችን፣ አንዱ ጓደኛዬ ጸጉር ቆራጩ ጋ፣ አንዱ የሚስቴ ወንድም ቤት፣ የመጨረሻው ታላቅ እህቴ ዘንድ። የእህቴ ግን ሰሞኑን ጢሱን ተፍቶ ሞተ።

እህቴ የዓይን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን በፋሻ ሸፍኖ «ሳምንቱን ሙሉ ጸጥ ብለው ይተኙ፤ ፋሻው ከተነካ ዓይንዎን እንዳጡት ይቁጠሩት» አላት። እህቴ ደግሞ ጸጥ ማለት አልፈጠረባትም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ሥራ ካጣ ነገር ይፈልጋል። በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃት ስንገባ ጣቷ ፋሻው ሥር ገብቷል።

«እትዬ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጠርዙን እያስተካከልኩ ነው። አሰፋፉ ጠማማ ነው።»

«ፋሻ እኮ አይሰፋም!»

«ለዚያ ነዋ የጠመመው!»

እጇን ይዤ አወረድኩት። «ያቋረጥሽውን ትረካ ላሰማሽ?»

«ባሏ ባሕር ላይ የጠፋባትን ሴትዮ? ወይኔ! ይመለስ አይመለስ ሳልሰማ ነው ያ እርጉም ማሽን የሞተብኝ። እሱን ካሰማኸኝ እንደ ድንጋይ እተኛልሃለሁ።»

ኮምፒውተር ይዤላት መጥቻለሁ፤ በዓለም ፈጣኑን። (ባለቤቴ «ያገለገለ ነው» ትላለች።) ከፍቼ አካውንቱ ውስጥ ስገባ «አምስት ኮምፒውተሮች ተፈቅዶላቸዋል፤ መጀመሪያ አንዱን ያስወጡ» አለኝ። ቀላል! የሞተውን ማስወጣት ነው። ዝርዝሩን ከፈትኩት። ዋናው። ዋናው። ዋናው። ዋናው። ዋናው።

«ምንድነው ይኼ?» አለች ባለቤቴ በትከሻዬ አሻግራ እያየች።

«ሰው ቤት ሄጄ ኮምፒውተሩን ስመዘግብ ‹ያንተ ዋናው ነው፣ የሌሎቹ ቅርንጫፍ ናቸው› እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ስሙንም እዚያው ፊቱ እጽፍለታለሁ።»

«ለእኔም እንደዚሁ ነበር ያልከኝ!»

«ያንቺማ እውነት ነው።»

«በል ሁሉንም ባንዴ አስወጣና እንደ አዲስ መዝግብ።»

ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለ፤ የሚሠራው ግን በዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ወር ጸጉር ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ «በአንድ ጣት አምስት ቤት ጸጥ አደርጋለሁ» ብዬ ተጫንኩት። ጸጉር ቆራጩ መቀሱን ጥሎ አጨበጨበልኝ። ከዚያ አምስቱንም ቤት ዞሬ፣ እንደገና ዋናው፣ ዋናው እያልኩ መዘገብኩ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» አለች ባለቤቴ።

«መጣ ባልየው?» አለች እህቴ ከአልጋዋ። እጇ ወደ ፋሻው መውጣት ጀምሯል።

የጸጉር ቆራጩን ባጠፋ ደንበኛ ፊት መቀለጃ ያደርገኛል። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ካኮረፈ ወር ከርሞ ነው የሚፈታው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከእህቴ ጋር እኩል ሆንን። ሦስተኛውን «ዋናው» ተጭኜ አስወጣሁና በቦታው የእሷን አዲስ «የእትዬ» ብዬ አስገባሁ። የተራኪዋ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው የእህቴ እጅ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ።

ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስድብ ጠበቅኩ። ጸጉር ቆራጩ ዝም፤ የሚስቴ ወንድም ዝም። ባለቤቴ ቤት ደርሳ «የእኔ ይሠራል» ብላ ደወለች።

«አየሽ! ዓይኔን ጨፍኜ የሞተውን መታሁት! እንዲህ ያለ አነጣጣሪ ጦር ሠራዊት ውስጥም የለም!»

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ገብቼ መዶሻዬን አነሳሁ፤ ሥራ ያለ ትረካ አይሆንልኝም። ኮምፒውተሩ «ይህ መሣሪያ ፈቃድ የለውም፤ የአካውንቱን ባለቤት ያነጋግሩ» አለኝ። አነጋገርኩት። ባለቤቱ እኔው ነኝ፤ መዶሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ከቀሩት አራት ዋናዎች አንዱን ዳግመኛ በጭፍን መምታት ይቻል ነበር። እኔ ግን የጀመርኩትን ወንበር ትከሻዬ ላይ ጭኜ፣ ምስማርና ጨርቄን ይዤ ወደ እህቴ ቤት ተመለስኩ።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለች ኮቴዬን ሰምታ።

«የወርክሾፔን ኮምፒውተር ለአንቺ ሠዋሁት። አስቤበት፣ መርጬ።»

«ተሳስተህ ነው።»

«ሚስቴ ደወለችልሽ እንዴ?»

«ድምፅህ ነግሮኝ ነው። አሁን ዝም በል፤ ባልየው ወደብ ደርሷል። ደግሞ የጨርቁን ጠርዝ ወዲህ በለው፤ እጄ ከሚፈታ ልያዝልህ።»

እሷ ጨርቁን ወጥራ ያዘች፣ እኔ መታሁ፣ ባልየውም መጣ። እሱ ሲያልቅ ሌላ ጀመርን። ሳምንቱን ሙሉ ፋሻው ሥር የገባ ጣት የለም።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ «በጣም ጥሩ ድኗል» አለ። እዚህ ላይ እንኳ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም፤ ባለቤቴን ጠይቁ። እህቴ ቤቷ ስትገባ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ መጀመሪያ ያየችው ወንበሬን ነው።

«ጠርዙ ጠማማ ነው» አለች።

«የያዝሽው አንቺ አይደለሽ!»

«ታዲያ ዋናው እኔ ነኝ?» ብላ ሄዳ ተቀመጠችበት። እስካሁን አልተነሳችም።