የአሥራ አንድ ቀን ፍሪታታ

ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ቴዎዶራ ኢንኮሮናታ ቤት ሳታንኳኳ ገባችና ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። ዛሬም ፍሪታታ! ያው ክብ የእንቁላል ጥብስ፤ የዛሬው አስፓራገስ የሚሉት የዱር ቀንበጥ ገብቶበታል። ትናንት ማታ ድንች፣ ትናንት ቀን ሽንኩርት፣ ከትናንት ወዲያ ያደረ ስፓጌቲ ነበረበት። ኢንኮሮናታ ጥርሷን ነከሰች። እንቁላሎቹን የጣሉት የራሷ ዶሮዎች ናቸው፤ ቴዎዶራ በየማለዳው በጓሮ እየገባች ትለቅማቸዋለች።

ፍሪታታ ጠልታ አይደለም። ሟቹ ባሏ ካኒዮ ወደ ድንጋይ ካባው ሲወርድ ዳቦ መሃል ከትታ የምትሰጠው እሱን ነበር፤ ለቁርስም ለእራትም ይሆናል። ለሐዘንተኛ ግን የዶሮ መረቅ ነው የሚመጣው፣ ሥጋ ነው የሚመጣው፣ ያውም ጎረቤት በተራ እየተሸከመ። ሃያ ሁለት ዓመት በኖረችበት ሰፈር ለስንቱ ሐዘን ድስት ተሸክማ ወጥታ፣ የእሷ ቀን ሲደርስ አንድ ሰው ደጇን አልረገጠም። ከሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነበር።

«ብዪ እንጂ፣» አለች ቴዎዶራ ወገቧን ይዛ። «ቀን ላይ ጄራርዶ ቀያሹን ይዞ ይመጣል። ቤቱ ይለካል፣ አንቺም ትፈርሚያለሽ። ከዚያ እኛ ጋ ነው፤ ከጋጣው በላይ ያለችውን ክፍል ጠርጌልሻለሁ።»

ጄራርዶ የቴዎዶራ ባል፣ የካኒዮ ታላቅ ወንድም ነው። ካኒዮ ልጅ ሳይወልድ፣ አንዲት ወረቀት ሳይጽፍ ስለሞተ ቤቱን ለራሱ ቋምጧል። የቀረችው የኢንኮሮናታ ፊርማ ናት።

«አልፈርምም ብዬሻለሁ እኮ፣ እትዬ ቴዎዶራ።»

«እሳት የማይነድበት ቤት ምን ያደርግልሻል? ማንስ አለሽ? አሥር ቀን ሙሉ ከእኔ ሌላ ማን ዞር ብሎ አየሽ?»

ቴዎዶራ ሳህኑን ወደ ኢንኮሮናታ ገፋ አድርጋላት ወጣች።

በሰፈሩ ወግ ሰው የሞተበት ቤት እሳት አያነድም። ከሟቹ ወገን ታላቂቱ ሴት «በቃ፣ አንድጂ» እስክትል ይጠበቃል፤ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት። ቴዎዶራ ግን አፏን ለጉማ አሥራ አንድ አደረሰችው። ኢንኮሮናታ ብድግ አለች። አንድጂ ባይ ባይኖርም ታነዳለች! ዶሮዎቹ ጋ ሄዳ ለቃሚዋ የሳተቻቸውን አራት እንቁላሎች አገኘች። ከምድጃው በላይ ያለውን ሚስማር ስታይ ግን መጥበሻዋ የለም። መደርደሪያው ላይ ድስቶቹም የሉም። ያቺ ሴት በየቀኑ ሳህን ይዛ እየገባች ዕቃ ይዛ ስትወጣ ኖራለች።

ደሟ ፈላ። ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች መንገዱን ተሻግራ የጎረቤቷን የእትዬ ፌሊቺያን በር በቡጢ ደበደበችው። ፌሊቺያ ብቅ ስትል ፊቷ የተቋጠረ ነው።

«መጥበሻ አውሱኝ፣ አራት እንቁላል ልጥበስበት፣» አለች ኢንኮሮናታ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም። ለሐዘኔ አንድ ማንኪያ መረቅ ከነፈገኝ ሰፈር ምን ይጠየቃል!»

«ምን አልሽ አንቺ?» ፌሊቺያ ጮኸች። «ነፈገኝ አልሽ? ሁለት ዶሮ አርጄ፣ ድስቱን ተሸክሜ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ‹የእናንተን ምግብ አልቀምስም ብላለች› ተብዬ አልተመለስኩም? የጋጋሪው ሚስት አልተመለሰችም? አፈር ያስበላሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«ማን ነው የመለሳችሁ?»

«ቴዎዶራ ናታ! በርሽ ላይ እንደ ዘበኛ ቆማ!»

ፌሊቺያ የሴትዮዋን እናትና አባት የሚነካ፣ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበች። ወደ ውስጥ ገብታ ትልቁን የብረት መጥበሻ አወጣችና፣ «አራት እንቁላል ለማን ይበቃል? ሂጂ እሳቱን አያይዢ፣ እኔ ሰው እጠራለሁ፣» አለች።

ከኢንኮሮናታ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ አየ። አንዷ ቋሊማ፣ አንዷ የደረቀ ቀይ ቃሪያ፣ አንዷ የበግ አይብ ይዛ ገባች። የጋጋሪው ሚስት አሥራ ሁለት እንቁላል በመሀረብ ቋጥራ መጣች። ሁሉም እየተሳደቡ ነው የሚከትፉት። ኢንኮሮናታ ሁሉንም መጥበሻው ላይ ገለበጠችው።

«አሁን ገልብጪው፣ ሥሩ ያርራል!» አለች ፌሊቺያ።

ኢንኮሮናታ ሳህን ደፋችበትና በአንድ ትንፋሽ ገለበጠችው። ሳህኑን ገና ከእጇ ሳታስቀምጥ ጄራርዶ ከቀያሹ ጋር በሩ ላይ ቆመ። ቴዎዶራ ከኋላቸው ናት። ቀያሹ መለኪያውን እንደያዘ የሚነደውን ምድጃ፣ ከዚያ ስምንቱን ሴቶች አየ።

«ሰው የማይኖርበት ቤት ነው ብለውኝ አልነበረም እንዴ፣ ጌታው?» አለው ጄራርዶን።

«ማን አንድጂ አለሽ?» ቴዎዶራ አምባረቀች።

«ማንም። ይልቅ መጥበሻዬን የት አደረስሽው፣ ቴዎዶራ?» እትዬ የምትለው ነገር ከአፏ ቀርቷል። «የፌሊቺያን ዶሮስ ለምን መለስሽው? አስፓራገስሽን እያጎረስሽኝ ደጃፌ ላይ ቆመሽ ሰው ስትመልሺብኝ ኖርሽ አይደል?»

ሴቶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ወደ ቴዎዶራ ዞሩ። ቀያሹ መለኪያውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና፣ «እኔ ለዚህ አልመጣሁም፣» ብሎ ሹልክ አለ።

«የወንድሜ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ድግስ!» አለ ጄራርዶ ፊቱ ቀልቶ። «ትንሽ አታፍሪም? ትንሽ ሐዘን የለሽም?»

ኢንኮሮናታ ሳህኑን አስቀመጠች። ድምጿ ሲወጣ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸቱም ይልቅ እሱ አስፈራ።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስናደድ ነው የከረምኩት፣ ጄራርዶ። በእናንተ ስናደድ፣ በጎረቤቶቼ ስናደድ። ለካኒዮ አንድ ቀን አላለቀስኩለትም። አሁን ውጡልኝ፤ ለባሌ ላልቅስለት።»

ፌሊቺያ በሩን በላያቸው ዘጋችው።