ግማሽ የተላጩት ሰውዬ

«እጅህ ኪስህ ውስጥ፣ ጥያቄህ ለከሰዓት» አለችኝ ዋናዋ ነርስ በመጀመሪያው ቀን፣ አንገቴ ላይ «ተመልካች» የሚል ባጅ እያንጠለጠለች። ስትሮክ በሰው አገር እንዴት እንደሚታከም ለማየት ነው ለስድስት ሳምንት የመጣሁት። አገሬ ላይ አሥር ዓመት ያከምኩ ሐኪም ነኝ፤ እዚህ ግን የበሽተኛ ትራስ ማቃናት እንኳ አይፈቀድልኝም። ሠራተኞቹ «ባለኪሱ» አሉኝ። ቅር አላለኝም ብል ውሸቴን ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጠና ያሉ ሐኪም ናቸው። በሽተኛ ከአምቡላንስ ከወረደ ጀምሮ ደቂቃውን ጮክ ብለው ስለሚቆጥሩ፣ ሁሉም ከጀርባቸው «እሜቴ ደቂቃ» ይላቸዋል። እኔ ግን ወደድኳቸው። እግር በእግር እየተከተልኩ ያየሁትን ሁሉ ልቤ ላይ እጽፍ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው በአልጋ እየተገፉ ገቡ። ቀኝ እጃቸው ዝሏል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ባለቤታቸው የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ ከኋላ ይሮጣሉ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያዩዋቸው መቼ ነው?» አሉ እሜቴ ደቂቃ።

«ማታ ስንተኛ። ጠዋት ስነሳ መታጠቢያ ቤት ወድቆ አገኘሁት።»

ይህን መልስ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ሰምቼ፣ አምኜ፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

ሲቲ ስካኑ አንጎላቸው ውስጥ ደም አለመፍሰሱን አሳየ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ሕመሙ ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን አይሰጥም። መነሻው ካልታወቀ ደግሞ የሚቆጠረው ሰውዬው ደህና ሆነው ከታዩበት ጊዜ ነው። ማታ ከተባለ አበቃ። እሜቴ ደቂቃ መቁጠራቸውን አቆሙ።

የሰውዬውን ፊት አየሁ። ግራ ጉንጫቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ቀኙ ላይ የሳሙና አረፋ ከነጢሙ ደርቋል። ሌሊት በስትሮክ የተመታ ሰው ጠዋት ተነስቶ ጉንጩን እንዲህ አያሳምርም!

ጥያቄዬን ለከሰዓት ላቆየው? ከሰዓት ምን ያደርግላቸዋል? ከእኔ በፊት የነበረው ተመልካች የበሽተኛ ቤተሰብ አናግሮ በማግስቱ ተባርሮ ሻንጣውን ይዟል፤ ይህን ሳላውቅ አይደለም። ወደ ባለቤታቸው ዞርኩ።

«እናቴ፣ ጠዋት ቤት ውስጥ ሌላ ማን ነበር?» አልኳቸው።

ነርሷ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

«ልጃችን። ግን እኔ ሳልነሳ ወደ ሥራ ወጥቷል።»

«ይደውሉለት፤ አሁኑኑ!»

ወዲያው ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት።

«አባዬ? አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው» አለ ልጁ። «ፊቱን አረፋ አልብሶ፣ 'ዛሬም አረፈድክ፣ አንተ እንቅልፋም' እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ምነው? ምን ሆነ?»

የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከሃያ ይላል። «መቶ አሥር ደቂቃ!» ብለው ጮኹ እሜቴ ደቂቃ። «መድኃኒቱን አምጡ!»

ከሰዓት ሰውዬው ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና ያልተላጨውን ጉንጫቸውን ዳበሱ። ሚስታቸው እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወዲያውም ወደ ቢሮ ተጠራሁ።

«ሕግ ጥሰሃል» አሉኝ እሜቴ ደቂቃ።

«አዎ ዶክተር። ነገም ቢሆን እጠይቃለሁ።» ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

የበሽተኛ መቀበያውን ቅጽ ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ሰጡኝ። «'መቼ ታዩ' ከሚለው ሥር ያንተን ጥያቄ ጻፈው።»

እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጻፍኩ፦ ቤት ውስጥ ሌላ ማን ነበር?

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«ሐኪም ናቸው?»

«አይደሉም፤ በሽተኛዬ ነበሩ። እናቴ 'ማታ ስንተኛ ደህና ነበር፣ ጠዋት ወድቆ አገኘሁት' አለችኝ፤ ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። ያን ዕለት ጠዋት ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ላይ ሲጫወቱ እንደነበር የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ሳወራቸው ይሰሙኛል፤ መልስ መስጠት ግን አይችሉም። መድኃኒቱ ያን ቀን በእጃችን ነበር፣ ዶክተር።»